አስር ጊዜ ለክቼ

አጅማን፣ ከዓሣ ገበያው ጀርባ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣
አስራ አንድ ዓመት ጎንብሼ ጥቁር በጥቁር ላይ ሳይ፣
አባያ ስገጣጥም፣ እጅጌ ስጠልፍ፣
በመርፌ ዓይን ስንቱን ክር ሳሳልፍ፣
ለካ እኔም ስፌት አለኝ፣ ወገቤ ላይ የሳሳ፤
አንድ ማለዳ ተተረተረ፣ የጨርቅ ጥቅል ሳነሳ።

ከዚያ ወዲህ ቀኝ እግሬ ቤተኛ አይደለም፤
ፔዳሉን ይረግጣል፣ መርገጡን አይነግረኝም።
የአንዲት ሙሽራ እጅጌ ላይ መንገድ ስቶ ሄደ መርፌው፤
ማስተር ሪያዝ አልተቆጣኝም፣ ከደሞዜ ነው የቆረጠው።

ዶክተር ማእሙን ፊልሜን መብራቱ ላይ ሰቀለና
አጥንቶቼን እንደ ቁልፍ እየቆጠረ ወረደና
አራተኛውና አምስተኛው መሃል ጣቱ ቆመ።
«ትራሱ ሾልኮ ወጥቷል፤ ነርቭሽ ላይ ተጋደመ።
አመሊያ» አለኝ። ለስላሳ ቃል፣ የሴት ስም የመሰለ።
በአማርኛ ሳስበው ግን ቀዶ ጥገና ሆነ፦
ቀዶ፣ ከዚያ ጥገና። መቅደዱ ይቀድማል፤
መጠገኑ፣ አላህ ካለ፣ ከኋላ ይመጣል።

መቀስ እንጀራዬ ነው፤ ስለቱን አልፈራም።
የተሳሳተ ስፌት ይተረተራል፤
የተሳሳተ ቁርጥ ግን ዕዳ ነው፣ አይመለስም።

«ብዙዎቹ ይድናሉ» አለኝ ዶክተሩ፣ በቢላው።
«ብዙዎቹ ይድናሉ» አለችኝ የኬረላዋ ሊንሲ፣ ያለ ቢላው።
እኔ ሜትር አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ የምውል ሴት ነኝ፤
«ብዙ» ስንት ክንድ እንደሆነ ማን ይንገረኝ?

ሰው ጠየቅሁ። ሙሂዲን፣ የወደቡ ተሸካሚ፣
«በሦስተኛው ቀን በእግሬ ሽንት ቤት ሄድኩ፤
እዚያው ቆሜ አለቀስኩ» አለኝ።
ሉባባ ደግሞ ሸሚዟን ገልጣ ጠባሳዋን አሳየችኝ፤
ቀጥ ያለ፣ ያማረ ስፌት፣ እጁ ይባረክ የሚያሰኝ።
«ሕመሙስ?» ብላት፣ «እሱማ አለ፤
መልኩን ቀየረ እንጂ የት ይሄዳል» አለች።
የስፌቱ ማማር ግን ዓይኔ ውስጥ ቀረ።

አስራ ስምንት ሺህ ድርሃም። ኢንሹራንሱ «ይታያል» ይላል።
የሀርቡ ቤታችን ገና ቆርቆሮ ይጠብቃል።
እህቴ «ወጌሻ አለ፣ ነይ» ትላለች በስልክ፤
ዒድ ደርሷል፣ ትዕዛዙ እስከ ጣራ፤ ማን አለ እኔን የሚልክ?

ማታ ማታ፣ ስድስት ሆነን በምናድርበት ክፍል፣
በሆዴ ተኝቼ፣ በሁለት አልጋ መሃል፣
ክንዴን ተደግፌ ደረቴን ቀና አደርጋለሁ።
ጦይባ ከላይኛው አልጋ «እባቢቱ ተነሳች!» ስትል እስቃለሁ።
ስስቅ ያመኛል።
ግን አንዳንድ ቀን ሕመሙ ከቁርጭምጭሚቴ ወደ ጉልበቴ፣
ከጉልበቴ ወደ ዳሌዬ፣
እንደ ሽብሽብ ጨርቅ ወደ ላይ ይሰበሰባል።
ሊንሲ «ወደ ላይ ከሸሸልሽ ደግ ነው» ብላኛለች።

ዶክተሩም ቅን ሰው ነው፣ አልገፋኝም፦
«ስድስት ሳምንት ሞክሪ። ግን እግርሽ ከተጎተተ፣
ሽንትሽ ካመለጠሽ፣ ነገን አትጠብቂ፣
ሌሊትም ቢሆን ነይ።»

ኮምቦልቻ ላይ ስፌት ያስተማሩኝ ጋሽ ይማም
«አስር ጊዜ ለክተሽ አንዴ ቁረጪ» ይሉኝ ነበር።
ስንቱን ለካሁ? ሰባት? ስምንት?
አልጋዬ ራስጌ፣ ግድግዳው ላይ፣ ስድስት መስመር አሰመርሁ፣
በጠመኔ። ጠመኔ በእጅ ይራገፋል።

ዛሬ ጠዋት ፔዳሉን ስረግጥ
አውራ ጣቴ አንድ ነገር ሹክ አለኝ፤
ሙቀት ይሁን መርፌ ገና አልለየሁም።
ማሽኑን አቆምሁ፣ ጫማዬን አወለቅሁ፣
ደግሜ ረገጥሁ።